ሰኞ ሰኞ የላክኋቸው ፖስት ካርዶች

ከመስኮቴ ፊት ለፊት ፎቅ ይሠራል። ሲጀመር አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ለ30 ሳምንት፣ ሰኞ ሰኞ፣ ፎቁን በፖስት ካርድ ላይ ስዬ ስቶክሆልም ለምትኖረው እህቴ ልልክ።

መነሻዬ ኦን ካዋራ ነው። ኒው ዮርክ ይኖር የነበረው ይህ ጃፓናዊ ሠዓሊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1968 እስከ 1979 ድረስ በየቀኑ ሁለት ፖስት ካርድ ለሰዎች ይልክ ነበር። ካርዶቹ ተራ የቱሪስት ካርዶች ናቸው። ጀርባቸው ላይ ከእንቅልፉ የተነሣበትን ሰዓት በማኅተም ይመታል። በቃ። መጀመሪያ ሳየው ምኑ ሥዕል ነው ብዬ ነበር። ዛሬ "አለሁ" እያለ እንደነበር ይገባኛል።

አጀማመሬ አላማረም። ክረምት ነበር፤ በውሃ ቀለም ብቻ ነበር የምሥለው። ሁለቱ ካርዶች መንገድ ላይ ርሰው ደረሱ። እህቴ ፎቶ አንሥታ ስትልክልኝ ፎቁ የለም፤ ግራጫ ጭቃ ብቻ። በጣም አዘንኩ። ከዚያ በኋላ በፖስታ እያሸግሁ መላክ ጀመርኩ። ንጹሕ ሆነው ደረሱ። እሷ ግን "ይሄማ ደብዳቤ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው። ፖስት ካርድ ገላጣ ነው። ማኅተም የሚመታው፣ የሚለየው፣ የሚያደርሰው ሰው ሁሉ ያየዋል። እኔ ደግሞ እነዚህን ተመልካቾች በገዛ እጄ ዘግቼባቸው ነበር።

ፖስታውን ተውኩት። ወረቀቱን ወፍራም፣ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን አደረግሁት፤ መጠኑ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር። መስመሩን ሲደርቅ ውሃ በማያስለቅቀው ጥቁር ቀለም፣ የውሃ ቀለሙን በስሱ። አክሪሊክ የሚባለውን ቀለም ሞክሬ ነበር፤ ሲወፍር ካርዶቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ከጀርባ ቀኙን ለአድራሻና ለቴምብር ትቼ፣ በግራው የሳምንቱን ነገር በሁለት መስመር እጽፋለሁ። "ሌሊቱን የአራተኛው ፎቅ ሶሌታ ተሞላ። ቤቶኔራው አላስተኛኝም።"

አንዱ ካርድ ላይ የፖስታ ቤቱ ማኅተም ሥዕሉ ላይ አረፈ፤ ልክ ከፎቁ አናት በላይ። ከሁሉም የምወደው እሱን ነው።

እህቴ ስትመጣ ካርዶቹን ይዛልኝ መጣች። ቤቴ ውስጥ ሁለቱም ገጽ እንዲታይ በናይለን ክር ከጣሪያ ሰቀልኳቸው። ፎቁን የሚሠሩትንም ጠራኋቸው። አንዱ ልጅ የአራተኛውን ፎቅ ካርድ ገልብጦ አነበበና "ያን ሌሊት እኔም ነበርኩ" አለኝ።