ለአስታማሚዎች ሁሉ፣ መልካም ገና!

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

ይህን የምጽፍላችሁ ከጀርመን፣ ከባየርን ነው። ነገ ታኅሣሥ 29 ቢሆንም እዚህ ተራ ረቡዕ ነው፤ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ፈረቃ እገባለሁ፤ የሌሊቱ ቅዳሴ አያገኘኝም። ለወራት ድምፄን ስላጠፋሁ ይቅር በሉኝ።

የነርስነት ሥልጠናዬ ሁለተኛ ዓመት ላይ ደርሷል። በጠቅላላው 3 ዓመት ነው፤ 2,100 ሰዓት በክፍል፣ 2,500 ሰዓት በሥራ ላይ። ከበሽተኛ ጋር የሚዋልበት ይበልጣል ማለት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2020 ወዲህ የአዋቂ፣ የሕፃናትና የአረጋውያን ነርስ እየተባለ ተለያይቶ የነበረው ሥልጠና አንድ ስለሆነ፣ ሁላችንም ሆስፒታሉንም፣ የአረጋውያን መኖሪያውንም፣ የቤት ለቤት አገልግሎቱንም በየተራ እናያለን። አሁን ያለሁት አረጋውያኑ ዘንድ ነው፤ የተመደበልኝ 400 ሰዓት።

የመጀመሪያው ቀን የተሰጠኝ ትንሽ ሳፋና ሁለት ማጠቢያ ጨርቅ ነበር። የምታለማምደኝ ነርስ አጠገቤ ቆማ፣ «መጀመሪያ ውሃውን ራሳቸው በእጃቸው ይንኩት። ሞቀ ወይስ በረደ? ጠይቂያቸው። ፊታቸውን ያለ ሳሙና። ከመንካትሽ በፊት ደግሞ ልታደርጊ ያለሽውን ተናገሪ። ባይሰሙሽም ተናገሪ» አለችኝ። ጀርመንኛ እንደኛው «አንቺ»ና «እርስዎ» አለው፤ የሰው ገላ ስታጥቡ «እርስዎ» ማለት መቻል ምን ያህል እንደሚያግዝ አልነግራችሁም።

ያን ቀን ማታ እናቴን አሰብኳት። አያቴ ሆስፒታል ስትተኛ እናቴ ከአልጋው ሥር ካርቶን ዘርግታ ሦስት ሳምንት አድራለች። አጥሚት በፔርሙዝ ታመጣለች፣ በማንኪያ ታጎርሳለች፣ ጀርባዋ እንዳይቆስል እያገላበጠች ታድራለች። ነርሷ ሙቀት ለክታ፣ መድኃኒት ሰጥታ ታልፋለች፤ ስለማይገዳት ሳይሆን ክፍል ሙሉ በሽተኛ በእሷ ላይ ስለተጣለ ነው። እኛ አገር ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ማገላበጥ የአስታማሚ ሥራ ነው። እዚህ ለፈተና የማጠናው፣ ውጤት የሚሰጠኝ እሱው ነው። እናቴን ግን በዚያ ሦስት ሳምንት ባለሙያ ብሎ የጠራት አልነበረም። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

የኛ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ሲገባ የጀርመኖቹ አድቬንት፣ ገናን የሚጠብቁበት ወቅት፣ ከስድስት ቀን በኋላ ገባ። የአበባ ጉንጉን ላይ አራት ሻማ ያስቀምጡና በየእሑዱ አንድ አንድ ይጨምራሉ፤ ብስኩት ይጋገራል፣ ሁሉም በቅቤ። የምንከባከባቸው አንዲት እናት ሳህኑን ሲያዞሩ አልበላም ስላቸው «ዛሬም ትጾሚያለሽ?» ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን እጄን ይዘው፣ በልጅነታቸው ብስኩቱ ተጋግሮ ይቀመጥ እንጂ እስከ ዋዜማው ማታ ድረስ እንደማይነካ ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ ሳህኑ ሲመጣ እኔን አይተው እሳቸውም ይተዉት ነበር።

ለጀርመኖቹ ገና ጥቂት ቀን ሲቀረው እኚያ እናት ጎሕ ሳይቀድ አረፉ። ነርሷ ዓይናቸውን ከደነች፤ ወዲያው ተነስታ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ውጭው በረዶ ነው። ነፍስ መውጫ እንድታገኝ ነው፣ የቆየ ልማድ ነው አለችኝ። ዋይታ የለም፣ ደረት የሚደቃ የለም፤ ለለቅሶ ድምፅ ለኖረ ጆሮዬ ዝምታው ከበደኝ፤ እንባዬን መግታት አልቻልኩም፣ ማንም ተይ አላለኝም። ከዚያ ሳፋውን ሞላን። ለብ ባለ ውሃ። ጨርቁን ጨምቄ ሳነሳ አፌ ራሱ፣ «አሁን ፊትዎን ላጥብዎት ነው» አለ። ነርሷ ቀና ብላ አየችኝና በአዎንታ ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

ዛሬ እዚህ የሰብአ ሰገል በዓል ነው፤ ባየርን ውስጥ ሥራ ዝግ ነው። ልጆች ዘውድ ደፍተው፣ ኮከብ በዘንግ ይዘው እየዘመሩ መጡና በራችን ላይ በጠመኔ 20፣ ሲ፣ ኤም፣ ቢ፣ 26 ብለው ጻፉ። ቁጥሩ የእነሱ ዓመት 2026 ነው፤ ፊደሎቹ በላቲን «ክርስቶስ ይህን ቤት ይባርክ» የሚለው አሕጽሮት ናቸው። እኔም ከዚያው በር ሥር ቆሜ እናንተን አሰብኩ።

ነገ በዓሉን ቤቱ የሚያከብር ሁሉ ደስ ይበለው። የኔ ሐሳብ ግን ይበልጥ ካልጋ ሥር ካርቶን ዘርግታችሁ ከምታድሩት፣ በኮሪደሩ ፔርሙዝ ይዛችሁ ከምትመላለሱት፣ ቤሩትና ዱባይ የሰው እናት ከምታስታምሙት፣ የአዳር ተረኛ ከሆናችሁ ነርሶች ጋር ነው። እንኳን አደረሳችሁ፤ በሽተኛችሁን ይማርላችሁ።

እማዬ፣ ከፈረቃ እንደወጣሁ እደውላለሁ፤ በእናንተ 10 ሰዓት ገደማ ከስልክሽ አትራቂ።