ጤነኛ ሌንስ ምን ቀለም አለው?

ዛሬ የመሥራት ስሜት አልነበረኝም፤ የዓይኑ ሥዕል ግን ከትናንት ጀምሮ ተከፍቶ ስላደረ ዝም ብዬ እያየሁት ቆየሁ። ደንበኛዋ የጠየቀችው ሲሰሙት ቀላል ነው፦ በአግድም የተቆረጠ ዓይን፣ እያንዳንዱ ክፍል በራሱ ሌየር (ለብቻው በሚነካ ንብርብር) ላይ የተቀመጠበት፣ መጠሪያዎቹ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ የሚታረሙበት፣ እሷም በኋላ እኔን ሳትጠራ ቀለም እየለወጠች ከዚያው ከጤነኛው ዓይን የታመሙትን የምታወጣበት የቬክተር ሥዕል (በነጥብ ሳይሆን በመስመርና በቅርጽ የሚሠራ)።

አብዛኛው አላስቸገረኝም። የዓይኑ ውጫዊ ሽፋን፣ ስክሌራው፣ ነጭ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሽፋን፣ ኮሮይዱም፣ በደም ሥር የተሞላ ስለሆነ ቀይ ቡናማ ቢሆን ማንም አይከራከረኝም። የዓይን ነርቭ ከኋላ ከመሃል ሳይሆን ወደ አፍንጫው ጠጋ ብሎ ስለሚወጣ፣ ነርቩንና ፎቪያውን (አጥርተን የምናይበትን የሬቲና ነጥብ) ጎን ለጎን ማሳየት የሚቻለው በአግድሙ ቁርጥ ነው። (ቆብና ሽፋሽፍት ባለው፣ ከጎን በታየ ዓይን ላይ ሁለቱንም አብረው የሚስሉ ሰዎች የቁሙንና የአግድሙን ቁርጥ እያዳቀሉ መሆናቸውን ማን ይንገራቸው?)

ሌንሱ ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። እንደ ወጉ ፈዛዛ ሰማያዊ ቀብቼዋለሁ። ደንበኛዋ ነገ የዓይን ሞራ ግርዶሽን ለማሳየት ይህንኑ ሌንስ ግራጫ ስታደርገው፣ ሥዕሉን የሚያየው ታማሚ ሰማያዊ የነበረው ነገር ግራጫ ሆነ ብሎ ይረዳል። በእርግጥ የሆነው ግን ብርሃን ያሳልፍ የነበረው ነገር ማሳለፉን መተዉ ነው፤ የእንቁላል ውሃ እሳት ሲነካው እንደሚነጣ ሁሉ፣ የሌንሱም ፕሮቲኖች እርስ በርሳቸው ሲጣበቁ ብርሃኑ እየተበተነ ይቀራል።

ከዚያ በኋላ የሄድኩበት ሐሳብ ከሥራው አወጣኝ። የሌንስ ሴሎች ብርሃን እንዳይጋርዱ ሲሉ፣ እየበሰሉ ሲሄዱ ኒውክለሳቸውን ሳይቀር ያስወግዳሉ፤ የደም ሥርም ወደ ሌንሱ አይገባም። ከዓይን ፊት ያለው ግልጽ ሽፋን፣ ኮርኒያውም፣ እንዲሁ ያለ ደም ሥር ይኖራል፤ ኦክስጅኑን በአብዛኛው ከፊት ለፊቱ ካለው አየር በእንባ በኩል ይወስዳል። ይበልጥ የሚገርመኝ ደግሞ ኮርኒያውና ነጩ ስክሌራ በዋናነት ከአንድ ነገር፣ ኮላጅን ከሚባል ክር መሰል ፕሮቲን መሠራታቸው ነው። በኮርኒያው ውስጥ ክሮቹ ቀጫጭን ሆነው በእኩል ርቀት ተደርድረዋል፤ በስክሌራው ውስጥ ወፍራሙ ከቀጭኑ ተዘበራርቋል። አንዱ ብርሃን የሚያሳልፈው፣ ሌላው የሚመልሰው በዋናነት በዚህ አደራደር የተነሣ ነው። ግልጽ ሆኖ ለመቆየት ይህን ያህል የሚደክመውን አካል እኔ በሰማያዊ ሸፍኜ ማለፌ ነው? ወይስ ሳልቀባው ትቼ ባዶ ቦታ ላስመስለው?

መካከለኛው መንገድ 20 በመቶ ብቻ የሚታይ ቀለም መስጠት ነበር። እሷ ግን ፋይሉን በኢፒኤስ ነው የምትፈልገው፤ ይህ የቆየ ቅርጸት ደግሞ ከፊል ግልጽነት የሚባል ነገር ስለማያውቅ፣ ሌንሱን ከሥሩ ካለው ጋር ቆራርጦ ድፍን ቀለም ያደርገዋል። ሊታረም የሚችል ሥዕል ብለው ያዘዙትን ሰው የቁርጥራጭ ክምር ማስረከብ አይቻልም። ከፊል ግልጽነትን በሚያውቀው በሌላው የቬክተር ቅርጸት፣ በኤስቪጂ ይሁን ብዬ ላግባባት አስቤያለሁ።

ጨርሶ አልቀባውም እንዳልል ደግሞ፣ ሙሌት (የውስጥ ቀለም) የሌለው ቅርጽ መሃሉን ሲነኩት አይመረጥም፤ ሴትዮዋ ቀጭኗን ጠርዝ ስታሳድድ ልትውል ነው። ስለዚህ አሁን ሌንሱ ሰማያዊ ተቀብቷል፤ የሰማያዊው መታያ መጠንም ዜሮ በመቶ ነው። ሲነኩት ይመረጣል፣ ሲያዩት የለም። የትኛው ሰማያዊ ይሻላል እያልኩ ስመርጥ ማምሸቴን ለማንም አልናገርም፤ የክፍያ መጠየቂያው ላይ ግን ይህን ምን ብዬ ነው የምጽፈው?