የሳንታ ፌ አይጥና የቺምቦራዞ ሃሚንግበርድ

ኢኳዶር ሄዶ ሁለቱን በአንድ ጉዞ ለማየት የሚያስብ ሰው ከካሜራው በፊት ሰዓቱን ያስተካክል። የጋላፓጎስ ደሴቶቿ የሩዝ አይጥ ሥራዋ ሌሊት ነው፤ አበባ የምትቀስመው ትንሿ ወፍ፣ የቺምቦራዞ ተራራዋ ሃሚንግበርድ ደግሞ ሌሊቱን ሙት መስላ ታሳልፈዋለች።

አይጧ ዛሬ የምትገኘው ሳንታ ፌ በምትባል 24 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባላት ደረቅ ደሴት ላይ ነው። የተፈጥሮ ተመራማሪው ዳርዊን በ1835 እ.ኤ.አ. ናሙና የወሰደባት ሳን ክሪስቶባል ላይ ጠፍታለች። በሌሎች አንዳንድ የጋላፓጎስ ደሴቶች የአገሬውን አይጦች ከጨረሷቸው መካከል ዋናው ተጠርጣሪ ከመርከብ የወረደው ጥቁር አይጥ ነው፤ ሳንታ ፌ ላይ ግን አልሰፈረም። ስለዚህ ተቆጣጣሪዎች ቦርሳና ጫማ ሲፈትሹ አትነጫነጩ።

የጋላፓጎስ ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ክፍያ ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. መግቢያ ጀምሮ ለአብዛኛው የውጭ አገር አዋቂ 200 ዶላር ነው። ከፖርቶ አዮራ ከተማ የሚነሱ አንዳንድ የቀን ጉዞዎች ባሕሩ ላይ አስዋኝተው ይመለሳሉ፤ ሳትከፍሉ “ደሴቷ ላይ ይወረዳል?” ብላችሁ ጠይቁ። ሲወረድም ውሃ ውስጥ ነው፣ ጫማችሁን በእጃችሁ ያዙ። ያለ አስጎብኚ መንቀሳቀስ፣ ፍላሽ ማብራት፣ ወደ እንስሳ ከ2 ሜትር ባነሰ ርቀት መቅረብ ክልክል ነው። እኛ እንደ ዛፍ ከገዘፉት የበለስ ቁልቋሎች ሥር ስናፈጥ ያገኘነው ቢጫ የመሬት ኢጓና ነው። አይጧ በቀን ከታየች ዕድል ነው፤ እሷ ስትወጣ ጎብኚው ጀልባው ላይ ነው።

ወፏ ትቀላለች፤ የምታስቸግረው ከፍታው ነው። መጀመሪያ 2,750 ሜትር ላይ ባለችው ሪዮባምባ ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደሩ። መኪና እስከ 4,800 ሜትር ገደማ ስለሚያወጣ ብዙ ሰው በቀጥታ ወጥቶ ራሱን ይዞ ይመለሳል። ከዚያም ወፏን እላይ የተራራ ወጪዎች መጠለያው ጋ ይፈልጋል፤ ያ ከንቱ ድካም ነው። ወደ ታች ወርዳችሁ ቹኪራጋ የተባለው ብርቱካንማ አበባ ያለው እሾሃማ ቁጥቋጦ አጠገብ ቁሙና ጠብቁ። በሳሳ አየር ላይ አንዣቦ መቅሰም ጉልበት ስለሚጨርስ እሷ እንደ ዘመዶቿ ብዙ አትንሳፈፍም፤ አብዛኛውን ጊዜ በጠንካራ እግሯ አበባው ላይ ተቀምጣ ነው የምትቀስመው። ለፎቶ ይህ ትልቅ ምቾት ነው። ወንዱን ከሐምራዊ ራሱና በዚህ ተራራ ላይ ከሚለየው አረንጓዴ ጉሮሮው ታውቁታላችሁ፤ ሴቷ ደብዛዛ ናት።

ቀን 40 ዲግሪ የሚጠጋው የሰውነቷ ሙቀት ሌሊት እጅግ ስለሚወርድ፣ ድንጋይ ጥላ ሥር የደነዘዘች ብታገኙ አትንኳት፤ አለጊዜዋ መንቃት ያላትን ስንቅ ይጨርስባታል። ለአንዱ ብቻ ገንዘብ ያለው ወደ ቺምቦራዞ ይውጣ።