የዓመቱን ሲፒዲ ከተማሪ ደብተር ስንጀምር

በ2006 ዓ.ም. ሰሜን ሸዋ ውስጥ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ (በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ሲፒዲ) አስተባባሪ ሆንኩ። መምህራን «ሲፒዲ» ሲባል ደስ እንደማይላቸው አውቅ ነበር። ለምን እንደሆነም ገብቶኛል። እኔም ለዓመታት ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም የሥራ ማስረጃ የሚሰበሰብበትን ፎልደር፣ ሞልቼ አስረክቤአለሁ።

የመጀመሪያውን ዕቅድ በአንድ ምሽት ጨረስኩት። ያለፈውን ዓመት አወጣሁና ዓመተ ምሕረቱን ቀየርኩ። ስምንት ርዕስ ነበረው። አሳታፊ የማስተማር ዘዴ፣ ተከታታይ ምዘና፣ አካቶ ትምህርት፣ የተግባር ምርምር፣ ሌላም ሌላም። በሰኔ የሁሉም ፎልደር ሙሉ ነበር። ከእያንዳንዱ መምህር በዓመት የሚጠበቀው 60 ሰዓትም በወረቀት ላይ ሞልቷል። ክፍል ውስጥ ግን ምን ተለወጠ ብባል መልስ አልነበረኝም።

አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን አንዲት አንጋፋ መምህርት እንዲህ አሉኝ። «ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ስንሰበሰብ፣ ስለ ልጆቹ ማንበብ አንድ ቀን ተነጋግረን እናውቃለን?» ተነጋግረን አናውቅም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የትምህርት ሚኒስቴር ማዕቀፍ እኮ መጀመሪያ ትንተና፣ ከዚያ ዕቅድ፣ ከዚያ ትግበራ፣ ከዚያ ግምገማ ይላል። እኛ ትንተናውን ዘለነው ነበር። ስለዚህ በ2007 ዓ.ም. መስከረም፣ ዕቅድ ከመጻፋችን በፊት፣ በ3ኛ ክፍል ሴክሽኖች ሁሉ የ20 ቃላት የቃል ጽሕፈት ሰጠን። ደብተሮቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ስህተቶቹን በየዓይነቱ ለየን።

ያየነው አስደነገጠን። ልጆቹ ፊደል ያውቃሉ፤ ሀ ሁ ሂ ብለው ሳያቋርጡ ይወርዱታል። ቃል ውስጥ ሲገባ ግን ሳድሱ ይጠፋቸዋል። «ትምህርት» የሚለውን ቃል አስቡት። አምስቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው። በየደብተሩ «ተመሀረተ»፣ «ተመህረት» ተጽፎ አገኘን። «ቋንቋ» ደግሞ «ቃንቃ» ሆኗል። በየቀኑ ሰሌዳ ላይ የምንጽፋቸው ቃላት ናቸው እኮ!

የዓመቱ ርዕስ አንድ ብቻ ሆነ፤ ሳድስን በቃል ውስጥ ማስተማር። 60 ሰዓቱን በ30 ሳምንት አካፈልነው፤ በሳምንት 2 ሰዓት። አንዱን ሰዓት ትምህርቱን አብረን እናዘጋጃለን። በሌላው አንዳችን የሌላውን ክፍል ገብተን እናያለን። ክፍል ማን ይሸፍናል የሚለው ጥያቄ አላስቸገረንም፤ በፈረቃ ስለምናስተምር የጠዋቱ መምህር የከሰዓቱን ያያል።

ያስቸገረን ፍርሃቱ ነው። ክፍል ምልከታ ሲባል መምህሩ የሚያስበው ነጥብ ነው፤ ከነጥቡ ጀርባ ደግሞ የደረጃ ዕድገቱ አለ። እኔ ያንን አቃልዬ አይቼው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ማንም በሩን አልከፈተም። በኋላ ነጥብ ያለበትን ቅጽ አስቀረሁት። ተመልካቹ የሚጽፈው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ የትኛው ልጅ የቱ ጋ ተሰናከለ? እኚያው አንጋፋ መምህርት «በሉ ከእኔ ክፍል ጀምሩ» አሉን።

ገባን። ከ60 በላይ ልጆች አሉ። «ተመሀረተ» ብለው ሰሌዳው ላይ ጻፉና «እንደተጻፈው አንብቡልኝ» አሏቸው። ልጆቹ አንብበው ሳቁ። «ታዲያ የትኛው ፊደል ነው ያጠፋው?» አሉ። አንድ በአንድ እየወጡ አስተካከሉት። ልጅ የጻፈውን በጆሮው እንዲሰማ ማድረግ ነው ነገሩ። እኔ በዚያች 40 ደቂቃ የተማርኩትን ያህል በየትኛውም ስልጠና ላይ አልተማርኩም። በሚቀጥለው ሳምንት አራት መምህራን በራሳቸው ጠየቁኝ።

ያበላሸሁትም አለ። ጀማሪ መምህራን ለሁለት ዓመት የሙያ ትውውቅ ያደርጋሉ፤ አማካሪ መምህርም ይመደብላቸዋል። እኔ የመደብኩት ደረጃ ብቻ አይቼ ነው። አንዷ ጀማሪ የጠዋት፣ አማካሪዋ የከሰዓት ፈረቃ ሆኑና እስከ ታኅሣሥ ቁጭ ብለው አልተነጋገሩም። ያቺ ልጅ አራት ወር ሙሉ ብቻዋን ተንገዳግዳለች። አሁንም ሳስበው ያሳዝነኛል። ዛሬ መጀመሪያ የማየው የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ነው።

ሰላሳው ሳምንትም አልያዘልኝም። ኅዳር ላይ አጨዳ ይመጣና ልጆቹ ይቀራሉ። ጥር ላይ ፈተናና እርማት አለ። ድንገተኛ ስብሰባም አይጠፋም። አሁን 26 ሳምንት ብቻ አቅዳለሁ። 52 ሰዓት ይሆናል፤ ቀሪውን 8 ሰዓት በሁለቱ መንፈቀ ዓመት መካከል ባለው ዕረፍት አንድ ቀን ሙሉ እንቀመጥበታለን።

ሱፐርቫይዘራችን ሲመጡ የሲፒዲ ቅጹን ጠየቁ። ቅጹን ሞልተን ሰጠናቸው፤ ከጎኑ ግን የመስከረሙንና የሰኔውን ደብተር አስቀመጥን። እሳቸውም ያገላበጡት ደብተሩን ነው።

በሰኔ እነዚያኑ 20 ቃላት ደግመን ሰጥተን ነበር። መስከረም ላይ «ትምህርት»ን በትክክል የጻፉት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አሁን ከየሴክሽኑ ከግማሽ በላይ ሆኑ። «ቋንቋ»ን ግን ብዙዎቹ አሁንም «ቃንቃ» ብለውታል። ደብተሮቹ ከጠረጴዛው ሳይነሱ የ2008ን ዕቅድ የመጀመሪያ መስመር እዚያው ጻፍን፦ ቋ፣ ጓ፣ ኳ።