የእማዬ በረንዳ

ዛሬ ሽሮ ሜዳ እማዬ ቤት አዲሱ በረንዳ ቆመላት!! የድሮው የባህር ዛፍ ቋሚ መሬት ውስጥ የተቀበረ ስለነበር ከስሩ በስብሷል፣ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል ግን በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ዋናው ጠላት እኮ ውሃው ነው፣ ክረምቱን ሙሉ ከቆርቆሮው የሚወርደው ዝናብ መሬት ላይ እየተፈናጠረ ቋሚውን ሲመታው ይከርማል፣ እንጨት ደግሞ እርጥበት ይዞ ካልደረቀ አለቀለት።

አሁን ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ ጽድ ገዛን። የጽድ ቀዩን ልብ ምስጥም ብስባሴም ቶሎ አይደፍረውም፣ ሽታው ራሱ ግቢውን አወደው። አናጢው ደግሞ ቋሚውን አልቀበረውም፣ ከመሬት 30 ሳንቲም ከፍ ያለ ኮንክሪት ላይ ብረት አስገብቶ በብሎን አሰረው፣ ጣውላውንም አጠጋግቶ ከመምታት ውሃና አየር የሚያልፍበት ክፍተት ተወለት፣ ወለሉን ትንሽ ወደ ውጪ አዘቀዘቀው። እንዲህ ለስራው የሚጨነቅ ባለሙያ ሳይ በጣም ነው ደስ የሚለኝ፣ እጁ ይባረክ።

የቀረን አሸንዳና ቫርኒሽ ነው። በረንዳ የምታሰሩ ሰዎች ቫርኒሹን በተለይ እንጨቱ የተቆረጠበት ጫፍ ላይ ደጋግማችሁ አስቀቡት፣ ውሃ በብዛት የሚገባው በዛ በኩል ነው።