አንዲቷ ደቂቃ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ የተወራው ስለ ማሕፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ነው። ደጋግማ የተነሳችው ግን አንዲት ደቂቃ ናት።

በጤና ጣቢያ የሚሠራው ምርመራ በአሴቲክ አሲድ ነው፤ አቼቶን የሚያኮመጥጠው ራሱ ማለት ነው። መጠኑ ከ3 እስከ 5 በመቶ ነው። 5 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አሲድ በ95 ሚሊ ሊትር ውኃ ላይ ይጨመራል (ውኃው በአሲዱ ላይ አይደለም!)፤ በየቀኑም አዲስ ይዘጋጃል። ማሕፀን በሩ ላይ በጥጥ ከተደረገ በኋላ ቢያንስ 1 ደቂቃ በሰዓት ተቆጥሮ ይጠበቃል። የተለወጠ ሕዋስ ካለ አሲዱ ሲነካው ይነጣል፤ ወረፋ በዝቶ በ20 ሰከንድ ከታየ ግን ይህ ነጭ ምልክት ገና አልወጣም፤ ሴትዮዋ ግን "ምንም የለም" ተብላ ትሄዳለች። ይሄ ያንገበግባል። ደካማ መብራትም ያው ነው። ኢንፌክሽን ካለ ደግሞ ጠርዙ ያልለየ ፈዛዛ ነጭ ይታይና ጤነኛዋን ያስደነግጣል።

ባረጡ እናቶች ላይ መታየት ያለበት ቦታ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ለእነሱ የኤችፒቪ (የማሕፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ) ምርመራ ይሻላል። ናሙናውን ራሳቸው መውሰድ ይችላሉ፤ ሀፍረት ላስቀራት ሴት ትልቅ እፎይታ ነው።

ምልክቱ ከተገኘ፣ ወደ ውስጥ ካልዘለቀና ካንሰር ካልመሰለ፣ በዚያው ዕለት ማከም ይቻላል። ምልክት የታየበትን ቦታ በሙቀት የሚያቃጥለው በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ በ100 ዲግሪ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይበቃዋል፤ በቅዝቃዜ እንደሚያክመው መሣሪያ ጋዝ አይፈልግም። ከሩቅ ገጠር የመጣችን እናት "ሌላ ቀን ነይ" ማለት ብዙ ጊዜ ማጣት ነው።

ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ፣ ኤችአይቪ በደማችሁ ካለ ደግሞ ከ25 ጀምሮ፣ ሕመም እስኪሰማችሁ ሳትጠብቁ ተመርመሩ።