ለእህቴ ኒካህ አሳሪ ሳፈላልግ ያየሁትና የተማርኩት

እህቴ ለሁለተኛ ጊዜ ልታገባ ስትዘጋጅ፣ አባታችን በሌላ አገር ስለሚኖሩ፣ ኒካሁን (እስላማዊውን የጋብቻ ውል) የሚያስርልንን ሰው የማፈላለጉ ኃላፊነት በታላቅ ወንድሟ በእኔ ላይ ወደቀ። ዘመድ ወዳጁ የሚጠቁመኝ ድምፃቸው ያማረና ንግግራቸው የሚጣፍጥ ኡስታዞችን ነበር። ይሁን እንጂ ኒካህ በሸሪዓ ውል ነው፤ የሚጸናውም በአሳሪው ማዕረግ ሳይሆን በኢጃብና በቀቡል (ጋብቻውን በማቅረብና በመቀበል ቃል)፣ በአብዛኞቹ መዝሀቦች (የእስልምና የሕግ ትምህርት ቤቶች) ዘንድ ደግሞ በወሊይ (ሙሽራዋን በሚድር አሳዳሪ ዘመድ) እና በሁለት ምስክሮች ሲሆን፣ መህርም (ሙሽራው ለሙሽራዋ የሚሰጠው ስጦታ) የሙሽራዋ መብት ሆኖ ይከተለዋል። ስለዚህ የምፈልገው እነዚህ ሁሉ መሟላታቸውን የሚያረጋግጥ ጠንቃቃ ሰው ነበር።

አንዱ ገና በስልክ ሰላምታ ስንለዋወጥ «ቀኑን ብቻ ንገሩኝ» አሉኝ፤ አመስግኜ ተሰናበትኩ። በመጨረሻ የመረጥናቸው ሸይኽ ግን ስለ ቀኑ ከመነጋገራችን በፊት ወሊይዋ ማን እንደሆኑ፣ ከዚህ ቀደም አግብታ እንደሆነ፣ መህሩ ተቆርጦ እንደሆነና ምስክሮቹ እነማን እንደሆኑ ጠየቁኝ። መፋታቷን ስነግራቸው የፍቺውን ወረቀት ማየት ፈለጉ፤ ዒዳዋ (ከፍቺ በኋላ እንደገና ከማግባቷ በፊት የምትጠብቀው ጊዜ) ማለቁንም አጣሩ፤ ምክንያቱም በዒዳ ውስጥ የሚታሰር ኒካህ አይጸናም። እናቴ ጥያቄው በዝቶባት ፊቷ ጠቆር ቢልም፣ እኔ ግን ሰውየውን የወደድኳቸው በዚሁ ነው።

ቤት በመጡ ጊዜም እናታችን ብቻ ባለችበት እህቴን «ይህን ሰው ወደሽ ነው?» ብለው ጠየቋት። የልጃገረድ ዝምታ እንደ ፈቃድ ይቆጠራል፤ አግብታ የፈታች ሴት ግን በአንደበቷ መናገር ይኖርባታል። እህቴም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «አዎ፣ ወድጄ ነው» አለች።

የወሊዩ ጉዳይ ከሁሉም በላይ ጊዜ ወሰደ። አባታችን በአካል መገኘት ስለማይችሉ ውክልና መስጠት ነበረባቸው። ሸይኹ «አባቷ ተስማምተዋል» የሚለውን የእኔን ቃል ብቻ አልተቀበሉም፤ ስልኩን ወደ ምስክሮቹ አስጠግተው፣ አባታችን የሙሽራውን ስም ጠርተው ልጃቸውን እንድድር እኔን መወከላቸውን ሁሉም እንዲሰማ አደረጉ። ከዚያም ቃሉን አስጠኑኝ፤ እህቴን የምድረው በራሴ ሳይሆን የአባቴ ወኪል ሆኜ ስለነበረ፣ ይህንኑ ለይቼ መናገር ነበረብኝ።

መህሩን በተመለከተ የሙሽራው ወገን «በእኛ መካከል ይቅር» ቢሉም፣ ሸይኹ መጠኑ፣ ወዲያው የሚከፈለውና ለኋላ የሚቆየው ተለይቶ በጽሑፍ እንዲሰፍር አደረጉ። ቁርኣን በሱረቱ ኒሳእ 4ኛ አንቀጽ ለሴቶች መህራቸው እንዲሰጣቸው ያዝዛል፤ ስለዚህ መህሩ የወንድሞች ወይም የአባት ሳይሆን የራሷ ገንዘብ ነው። በኔ አስተያየት በይሉኝታ የሚታለፍ የመህር ነገር በኋላ ለጠብ መነሻ ይሆናል።

ኹጥባው (በኒካህ ጊዜ የሚደረገው ንግግር) ሱና (የተወደደ ተግባር) እንጂ የውሉ መስፈርት ስላልሆነ አጭር እንዲሆን ተስማማን፤ ስለ ክፍያም አስቀድሜ በግልጽ ጠየቅኳቸው። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የሚያስነውረው በዕለቱ በር ላይ መንሾካሾክ ነው።

ሌላው ቀድሞ መጣራት ያለበት የመንግሥት ምዝገባ ነው። ኒካህ በሸሪዓ የጸና ቢሆንም፣ በአንዳንድ አገሮች በክብር መዝገብ ካልሰፈረ በሕግ ፊት እንደ ጋብቻ አይቆጠርም፤ አሳሪውም ጋብቻ ለማስመዝገብ የተፈቀደለት መሆን አለመሆኑ ከአገር አገር ይለያያል። ሸይኹ ይህ ሥልጣን እንደሌላቸው ሳይደብቁ ስለነገሩን፣ ሙሽሮቹ ወደ መዝገብ ቤት ለብቻው ሄደው ፈረሙ፤ ምስክሮቹ የፈረሙበትን የኒካህ ወረቀትም አንዱን ቅጂ እህቴ ራሷ እንድትይዘው አደረግን።